የአሰልጣኙን ውል እናራዝም ወይስ እንሸኘው? አራቱ አማራጮች ጎን ለጎን

ቡድኑ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲያሸንፍ «ለዚህ ሰው አምስት ዓመት ፈርሙለት» የሚለው ደጋፊ፣ ሁለት ሽንፈት ሲከተል «ዛሬውኑ ሻንጣውን ያንሣ» ይላል። ደጋፊ ነውና ይፈቀድለታል። ጣጣው የክለቡ ቦርድም እንደዚያው ሲያስብ ነው።

አንድ ጊዜ የደጋፊዎች ተወካይ ሆኜ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። የክለቡን ስም ልተወው። ሁለት ሰዓት ሙሉ «ይቆይ»፣ «ይሂድ» ተባባልን። ድምፅ ከፍ አለ፣ ቡና ቀረበ፣ እንደገና ድምፅ ከፍ አለ። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ «ለመሆኑ ውሉ ምን ይላል?» ብለው ጠየቁ። ያነበበ ሰው አልነበረም። ፋይሉ ተፈልጎ ሲመጣ፣ ክለቡ በጽሑፍ ካላሳወቀ ውሉ በራሱ ለአንድ ዓመት ይራዘማል የሚል አንቀጽ ተገኘ። የማሳወቂያው ቀን ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። እኛ ስንጨቃጨቅ ጉዳዩ ቀድሞ አልቆ ነበር።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። ከጎን ሆኖ ለሚፈርድ ደጋፊም አይጎዳም። ስለ አገር ቤት ስናወራ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓው ደግሞ በእነሱ።

በመጀመሪያ መለኪያው

«አሰልጣኙ ጎበዝ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የትም አያደርስም። ጎበዝ አሰልጣኝ የማይመጥነው ክለብ አለ፤ መካከለኛ አሰልጣኝ የሚያብብበት ክለብም አለ። ከዚያ ይልቅ የሚከተሉትን ጠይቁ።

*ከተሰጠው አንጻር ምን ሠራ?* የሊጉን ክለቦች በደመወዝና በፊርማ ክፍያ በቅደም ተከተል አስቀምጡ። ከዚያ ከደረጃ ሰንጠረዡ ጋር አስተያዩት። በወጪ አሥረኛ ሆኖ አምስተኛ የጨረሰ አሰልጣኝ ሠርቷል። በወጪ ሁለተኛ ሆኖ አምስተኛ የጨረሰ ደግሞ ሌላ ወሬ ነው። በእኛ አገር የክለቦች ወጪ በግልጽ ስለማይወጣ ግምት ይገባበታል። ቢሆንም የሊጉን ተጫዋቾች የሚያውቅ ሰው ማን ምን ያህል እንደሚከፍል ከሞላ ጎደል ያውቃል።

*ከነጥቡ ሥር ያለው ጨዋታ ምን ይመስላል?* በ92ኛው ደቂቃ በገባ ጎል የተገኙ አምስት ድሎች ሰንጠረዡ ላይ ያምራሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ላይደገሙ ይችላሉ። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ «ኤክስ ጂ» የሚሉት የጎል ዕድል ስሌት አለ። ያ ከሌላችሁ አንድ ልጅ ደብተር ይዞ ይቀመጥ። ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ የእኛም የተጋጣሚም ሙከራ ስንት እንደሆነ ይቁጠር። አሥራ አምስት ጨዋታ ከተቆጠረ ብዙ ይናገራል።

እዚህ ላይ የእኛን ሊግ ለሚመዝን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪምየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ። ቡድኑ በሊጉ ብዙውን ጊዜ በራሱ ሜዳ፣ በራሱ ደጋፊ ፊት አይጫወትም። ስለዚህ «በሜዳው እንዲህ፣ ከሜዳው ውጭ እንዲያ» የሚለው የቆየ መለኪያ ብዙም አይሠራም። ለወራት ሆቴል ውስጥ የሚኖር ቡድን ሳይሰነጣጠቅ መያዝ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አሰልጣኙን በዚያም መዝኑት።

*ተጫዋች አሻሽሏል?* ሲመጣ የነበሩትን አምስት ልጆች ስም ጻፉ። ዛሬ የት ናቸው? በቂ ነው።

*ተተኪው ማነው?* «የተሻለ ሰው እናመጣለን» ማለት ዕቅድ አይደለም። ስም፣ ዋጋ፣ ነጻ የሚሆንበት ቀን፤ ሦስቱም በወረቀት ላይ ይቀመጡ። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ የአሁኑን ሰው የምታወዳድሩት ከሕልም ጋር ነው። ከሕልም ጋር ተወዳድሮ ያሸነፈ አሰልጣኝ ደግሞ የለም።

*ብንሳሳት ስንት ያስወጣናል?* ለእኔ ትልቁ መለኪያ ይህ ነው። ሌሎቹን ሁሉ በትክክል መልሳችሁ ይህን ከሳታችሁ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የመሳሳት ዋጋ

ማንቸስተር ዩናይትድን እንውሰድ፤ እኛ ሠፈር የማያውቀው የለም። በጥር 2018 የጆዜ ሞሪንሆን ውል አራዘሙ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አሰናበቱት። እርሱንና ረዳቶቹን ለመሸኘት 19.6 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳወጡ በሒሳብ መግለጫቸው ላይ ሰፈረ። ትምህርት ሆነ? አልሆነም። በሐምሌ 2021 የኦሌ ጉናር ሶልሻየርን ውል እስከ 2024 አራዘሙ፤ በዋትፎርድ 4 ለ 1 ተሸንፎ በኅዳር ሄደ። በሐምሌ 2024 ደግሞ ኤሪክ ቴን ሃግ ተራው ሆነ። ቡድኑ ሊጉን ስምንተኛ ጨርሷል፤ ነገር ግን በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ማንቸስተር ሲቲን 2 ለ 1 አሸንፏል። ያ አንድ ቅዳሜ ውል አስረዘመለት። በጥቅምት ተሰናበተ፤ እርሱና ረዳቶቹ 10.4 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጡ።

ሦስቱም ውሎች ሲፈረሙ ምክንያት ነበራቸው። ሶልሻየር ሊጉን ሁለተኛ ጨርሶ፣ ዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ ነበር። ስህተቱ ሰውየውን ማመናቸው አይመስለኝም። እምነቱ ባይሠራ መውጫው ውድ መሆኑ ነው።

ዩናይትድ ይችለዋል። አንድ የከተማ አስተዳደር ክለብ አይችለውም። በተለይ አሰልጣኙ የውጭ አገር ዜጋ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፊፋ ሊሄድ ይችላል። ፊፋ ከ2021 መጀመሪያ አንስቶ ለአሰልጣኞች ውል ራሱን የቻለ ደንብ አለው። የካሳው መጠን ውሉ ላይ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ያለ በቂ ምክንያት የተሰናበተ አሰልጣኝ የቀሪውን ጊዜ ደመወዝ ይጠይቃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሥራ ከያዘ የአዲሱ ደመወዝ ይቀነሳል። «ውጤት ጠፋ» ብቻውን እንደ በቂ ምክንያት አይቆጠርም፤ ብዙ ክለብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፈለው የቀረ አሰልጣኝ ደግሞ በጽሑፍ አስጠንቅቆ፣ ቢያንስ 15 ቀን ጠብቆ ራሱ ውሉን ማፍረስና ካሳ መጠየቅ ይችላል። የተፈረደበትን የማይከፍል ክለብ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ይታገዳል።

ዶላር ደግሞ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። በዶላር የተፈረመ ውል የነበረው ድርጅት ሁሉ ያን ክረምት ያስታውሰዋል። አሰልጣኙ ያው ነው፣ ሥራው ያው ነው፣ ደመወዙ በብር ሲታሰብ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አማራጭ አንድ፦ አሁኑኑ ረጅም ውል

ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዓመት። ጥቅሙ መረጋጋት ነው። ተጫዋቾች «ይህ ሰውዬ ሰኔ ላይ ይሄዳል» ብለው ጆሮ አይነፍጉትም። ምልመላውም በአንድ ሐሳብ ይመራል።

የተሳካ ምሳሌ ሲጠየቅ አርሰናል ይነሣል። ሚኬል አርቴታ በታኅሣሥ 2019 መጣ። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ስምንተኛ ወጣ። በ2021 የሊጉን የመጀመሪያ ሦስት ጨዋታዎች አንድም ጎል ሳያገባ ተሸነፈ። ያኔ የነበረውን ስድብ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ይመሰክራሉ። ክለቡ ግን አልነካውም። በግንቦት 2022 እስከ 2025 አራዘመለት። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሊጉን ሁለተኛ ጨረሰ።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ «ትዕግሥት» የሚለውን ብቻ ይወስዳል። እኔ የማየው ሌላ ነው። አርሰናል ስምንተኛ በወጣ ማግስት ረጅም ውል አልሰጠም። ቡድኑ ወጣት ሆኖ፣ አጨዋወቱ ተለውጦ፣ ለአራተኛ ደረጃ ሲፎካከር እያየ ነው የፈረመው። ትዕግሥትና ውል ማራዘም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አለማባረር በነጻ ነው፤ ማራዘም ግን ያስከፍላል።

ያልተሳካው ዝርዝር ረጅም ነው። ሌስተር ሲቲ በ2016 ያን ተአምረኛ ዋንጫ ካነሣ በኋላ፣ በነሐሴ ለክላውዲዮ ራኒዬሪ እስከ 2020 የሚዘልቅ ውል ሰጠ። በየካቲት 2017 አሰናበተው። ቶተንሃም በግንቦት 2018 ለማውሪሲዮ ፖቼቲኖ እስከ 2023 ፈረመ። ሰውየው በዓመቱ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ አደረሳቸው። ከአምስት ወር ተኩል በኋላ ተባረረ።

ረጅም ውል አሰልጣኙን ያስረዋል የሚል ሐሳብም አለ። ብዙም አትመኑት። የርገን ክሎፕ በሚያዝያ 2022 ከሊቨርፑል ጋር እስከ 2026 ፈርሞ ነበር። በጥር 2024 «ጉልበቴ አለቀ» ብሎ በግንቦት ሄደ። መሄድ የፈለገ ሰው ይሄዳል። ሌላ ክለብ ቢጠይቀው ግን ውሉ ዋጋ ለመደራደር ይረዳችኋል፤ ይህን አልክድም።

አማራጭ ሁለት፦ አንድ ዓመት ከነመውጫው

ለብዙ ክለብ የምመክረው ይህን ነው። ውሉ ለአንድ ዓመት ይራዘማል፤ የተወሰነ ግብ ከተመታ ደግሞ ሌላ አንድ ዓመት በራሱ ይጨመራል። ካሳው ከአሁኑ በቁጥር ይጻፋል፦ ለምሳሌ የሦስት ወር ደመወዝ።

ወሳኙ ነገር ግቡ የሚለካ መሆኑ ነው። «አጥጋቢ ውጤት» የሚል ቃል ውል ላይ ካያችሁ ሰርዙት። ለማን አጥጋቢ? «ከ25ኛው ሳምንት በኋላ ከስምንተኛ ደረጃ በላይ ከሆነ» ይባል። ወይም «ከተስፋ ቡድን ያደጉ ሦስት ልጆች እያንዳንዳቸው ከ900 ደቂቃ በላይ ከተጫወቱ» ይባል። ሁለተኛውን እኔ እወደዋለሁ። አሰልጣኝ በጭንቅ ጊዜ ወጣት ለማሰለፍ ድፍረት የሚያገኘው ውሉ ሲደግፈው ነው።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ተፈላጊ አሰልጣኝ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲያይ ሊከፋው ይችላል። «አታምኑኝም?» ይላል። መልሱ ካሳው በሁለቱም በኩል እኩል መሆኑን ማሳየት ነው፤ እርሱም በሦስት ወር ደመወዝ መውጣት ይችላል። ያኔ ድርድር ይሆናል እንጂ ንቀት አይሆንም። ደመወዙንም ትንሽ ከፍ አድርጉለት። ከረጅም ውል ካሳ ይልቅ በየወሩ የሚጨመር ገንዘብ ይሻላል፤ ቢያንስ እየሠራ ነው የሚወስደው።

አማራጭ ሦስት፦ ውሉ እስኪያልቅ መጠበቅ

ርካሹ ይህ ነው፤ በወረቀት ላይ። ምንም አትፈርሙም፣ በሰኔ ትወስናላችሁ። ለመጠበቅ ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ዛሬ የማናውቀው፣ በሰኔ የምናውቀው ነገር ምንድን ነው? መልስ ካለ (ለምሳሌ አሥር ጨዋታ ቀርቶ ቡድኑ ወራጅ ቀጠና አፋፍ ላይ ከሆነ) ጠብቁ። መልስ ከሌለ እየጠበቃችሁ ሳይሆን እየፈራችሁ ነው።

አደጋው በእጃችሁ ያለውን ሰው ሌላው መውሰዱ ነው። አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌን አስታውሱ። በ2010 ዓ.ም. ገና ወደ ፕሪምየር ሊጉ ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አደረጉ። በቀጣዩ ዓመት መቀሌ 70 እንደርታን ይዘው ዋንጫውን ደገሙት። በጅማ በኩል የነበረውን ድርድር ውስጡን አላነሣም። ግን የእኛ ሊግ የአንድና የሁለት ዓመት ውል ሊግ ነው። ጥሩ ሠርቶ ውሉ ያለቀ አሰልጣኝ ስልኩ አያርፍም።

ብሔራዊ ቡድንም ላይ አይተነዋል። የአሰልጣኝ አብርሃም መብራቱ ውል በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሲያልቅ ፌዴሬሽኑ አላደሰውም። በኮቪድ ምክንያት ጨዋታ በቆመበት ወቅት ስለነበር፣ መጠበቁ አዲስ መረጃ ሊያመጣ አይችልም ነበር። አዲስ አሰልጣኝ ተቀጠረ። ከፋም ለማም ያ ውሳኔ ነው፤ በዝምታ እንዲያልፍ የተተወ ነገር አይደለም።

አማራጭ አራት፦ መለያየት

ወይ አሁን፣ ወይ በውድድር ዘመኑ መጨረሻ። በመካከል ማሰናበት ደጋፊን ያስደስታል። ውጤትም ብዙ ጊዜ ወዲያው ይሻሻላል። ግን ተጠንቀቁ። የኔዘርላንዱ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ባስ ቴር ዌል የአገሩን ሊግ የብዙ ዓመታት ውጤት መርምሮ ነበር። አሰልጣኝ የቀየሩት ክለቦች ከለውጡ በኋላ ተሻሽለዋል። በተመሳሳይ ውድቀት ውስጥ ሆነው ያልቀየሩትም ተሻሽለዋል። ሰው የሚባረረው ነገር በጣም በከፋበት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ መሻሻል አይቀርም።

ሶልሻየር ራሱ የዚህ ልጅ ነው። በጊዜያዊነት ሲመጣ ከ19 ጨዋታ 14ቱን አሸነፈ፤ በዚያ ትኩሳት የሦስት ዓመት ውል ተሰጠው። የጊዜያዊ አሰልጣኝን ውል እስከ ውድድሩ ማብቂያ አትንኩት። ወር ተኩል ብትታገሡ ምን ትጎዳላችሁ?

መለያየት የሚሠራው ተተኪው ቤት ውስጥ ሲኖር ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ ከሰርቢያዊው ዝላትኮ ክራምፖቲች ጋር ተለያየ። ምክትል የነበሩት ዘሪሁን ሸንገታ ተረከቡ። ያን ዓመት ዋንጫው መጣ፤ በቀጣዩ ዓመትም ተደገመ። ተጫዋቾቹን የሚያውቅ፣ ሌላ የፊርማ ገንዘብ የማይጠይቅ ሰው እዚያው ነበር።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | መቼ ይሻላል | ዋና ጥቅም | ዋና አደጋ | የመሳሳት ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ረጅም ውል | ቡድን ግንባታ ላይ ሲሆን፣ አጨዋወቱም ሲሻሻል | መረጋጋት፣ የመደራደር አቅም | በአንድ ዋንጫ ስሜት መፈረም | በጣም ከፍተኛ |
| አንድ ዓመት ከነመውጫው | በጀቱ በየዓመቱ ሲጸድቅ | ካሳው አስቀድሞ ይታወቃል | ተፈላጊ አሰልጣኝ ላይቀበል ይችላል | ዝቅተኛ |
| መጠበቅ | ቀሪው ጨዋታ ወሳኝ መረጃ ሲሰጥ | ምንም ወጪ የለም | ሌላ ክለብ ይወስደዋል | መካከለኛ፣ ግን የማይታይ |
| መለያየት | ተተኪ በስም ሲታወቅ | አዲስ ጅምር | ጊዜያዊ መነቃቃትን ለውጥ ማለት | በቀሪው ውል ልክ |

ለማን የትኛው?

*በጀታችሁ በከተማ ወይም በክልል ምክር ቤት የሚጸድቅ ከሆነ፣ ግባችሁም ላለመውረድ ከሆነ፦* ሁለተኛው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ያልጸደቀ የሁለት ዓመት ገንዘብ ላይ መፈረም በእጅ በሌለ ነገር ቃል መግባት ነው። «በሊጉ ከቆየን አንድ ዓመት ይጨመራል» የሚል አንቀጽ ይበቃችኋል።

*የድርጅት ክለብ ከሆናችሁና ለዋንጫ የምትጫወቱ ከሆነ፦* ረጅም ውል መሞከር ትችላላችሁ፤ ግን በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚከፈት መውጫ ይኑረው። አሰልጣኙ የውጭ ሰው ከሆነ ደመወዙ በብር ተቆርጦ በየስድስት ወሩ ይከለስ ብላችሁ ተደራደሩ። ላይስማማ ይችላል። ካልተስማማ የዶላሩ አደጋ በማን ኪስ እንደሆነ ቢያንስ ታውቃላችሁ።

*ወጣት እየያዛችሁ የምትሸጡ ከሆነ፦* አንደኛው። እዚህ ላይ ብቻ የውጤት መዋዠቅን እርሱት። ባየር ሌቨርኩሰን ዣቢ አሎንሶን በጥቅምት 2022 ሲቀጥር ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ስድስተኛ አድርሶት፣ በነሐሴ 2023 እስከ 2026 ተራዘመለት። በዚያው የውድድር ዘመን ሳይሸነፉ ቡንደስሊጋውን ወሰዱ።

*ትናንት ዋንጫ ካነሣችሁ፦* ሦስት ሳምንት ምንም አትፈርሙ። ጨፍሩ፣ ተኙ፣ ከዚያ ቁጥሩን እንደገና እዩ። ራኒዬሪንና ቴን ሃግን አስቡ።

*ወራጅ ቀጠና ውስጥ ከሆናችሁ፦* ማራዘም የሚባለውን ቃል አታንሡ። ምርጫችሁ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ነው። እርሱም የተተኪው ወረቀት ላይ በተጻፈው ስም ይወሰናል።

*ቡድኑ ደህና ሆኖ ድንገት አራት አምስት ጨዋታ ከተሸነፈ፣ አሰልጣኙ ግን ለዓመታት ያስመሰከረ ከሆነ፦* ማንቸስተር ሲቲ በኅዳር 2024 ከአራት ተከታታይ ሽንፈት በኋላ የፔፕ ጓርዲዮላን ውል እስከ 2027 አራዘመ። ውሉ በተገለጸ በሁለተኛው ቀን በሜዳው በቶተንሃም 4 ለ 0 ተሸነፈ። በመጨረሻ ሊጉን ሦስተኛ ጨረሰ። እንዲህ ማድረግ የሚቻለው ከኋላ ያለው መዝገብ ስድስት የሊግ ዋንጫ ሲሆን ነው። የእናንተ መዝገብ አንድ ጥሩ ዓመት ከሆነ አትኮርጁ።

አንድ ነገር ቀረ፤ ድርድር ላይ ሁሌም የሚረሳ ነው። ዋናውን አሰልጣኝ ስታራዝሙ የምክትሎቹ፣ የግብ ጠባቂ አሰልጣኙና የአካል ብቃት ባለሙያው ውል በዚያው ቀን እንዲያልቅ አድርጉ፤ የካሳው አንቀጽም ለእነርሱ ይጻፍ። ከላይ ያየነው የዩናይትድ ካሳ የረዳቶቹንም ይጨምራል። አዲሱ ሰው የራሱን ምክትሎች ይዞ ሲመጣ፣ የቀድሞዎቹ ቁጭ ብለው እስከ ሰኔ ደመወዝ ይቀበላሉ።